ደሟን ባትሰጥስ?

«ሱጃታ» የተሰኘው የህንድ ፊልም የከፈተውን ቁስል ሁሉ በመጨረሻ የሚዘጋው በደም ነው። የቤቱ እመቤት ቻሩ ከደረጃ ወድቃ ክፉኛ ትጎዳለች። ሐኪሙ ደም ያስፈልጋታል ይላል። የወለደቻት ልጇ ደም አይገጥምላትም፤ የሚገጥመው ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቤቷ ያደገችው፣ ግን አፏን ሞልታ ልጄ ልትላት ያልቻለችው የሱጃታ ደም ነው። ሱጃታ ህንዶች «የማይነኩ» ይሏቸው ከነበሩት ወገኖች የተወለደች ናት። ልጅቷ ሳታመነታ ደሟን ትሰጣለች። ቻሩ ያዳናት ማን እንደሆነ ስትሰማ ታለቅሳለች፣ ታቅፋታለች፣ ልጄ ትላታለች። ሱጃታም የምትወደውን ወጣት ታገባለች። ተመልካችም እንባውን እየጠረገ ይነሳል።

እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ቀረሁ። የደሟ ዓይነት ባይገጥምስ ኖሮ?

ጥያቄዬ ፊልሙን ለማንቋሸሽ አይደለም። ቢማል ሮይ ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሠራ ብዙዎች ዓይናቸውን የሚያዞሩበትን ጉዳይ ከነስሙ አንስቷል። ታሪኩን የወሰደው ከቤንጋሊው ደራሲ ከሱቦድ ጎሽ ነው። ሱጃታን ሆና የተጫወተችው ኑታን በዝምታዋ ብቻ የምትናገረው ነገር አለ፤ ለዚህም የዚያን ዓመት የፊልምፌር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አግኝታበታለች። ፊልሙ ራሱ ምርጥ ተብሏል። በ«ማዘር ኢንዲያ» እልኸኛውን ልጅ ሆኖ የምናውቀው ሱኒል ዱት እዚህ ረጋ ያለውን አፍቃሪ አዲርን ሆኖ መጥቷል። ሙያው ሙሉ ነው፤ ልቡም ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ቅን ሥራ ሲሳሳት ግን ስህተቱ የሰሪው ብቻ አይሆንም። የኛ የተመልካቾቹም ነው።

ይህን ከአዲስ አበባ፣ ከጉለሌ ክፍለ ከተማ ሆኜ የምጽፈው በምክንያት ነው።

ከፒያሳ ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲኬድ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ይደረሳል። በዚያ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሴቶች ዛሬም ሸክላ ይሠራሉ። አፈሩን ነፍተው ያቦካሉ፣ በእጃቸው ያቆማሉ፣ በለስላሳ ድንጋይ ያሻሉ፣ አድርቀው በእንጨትና በቅጠል እሳት ያቃጥላሉ። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ፣ ገንቦው ከዚያ ይወጣል። ወንዶቹ በሽመናና በአንጥረኝነት የኖሩ ናቸው። የብዙዎቹ ቤተሰቦች መነሻ ሰሜን ሸዋ ነው። ከመካከላቸው ራሳቸውን ቤተ አብርሃም የሚሉና የዘር ግንዳቸውን ከቤተ እስራኤል ጋር የሚያገናኙ አሉ። ሰው ፊት ለፊታቸው ባለ እጅ ይላቸዋል። ከኋላቸው የሚነገረው ሌላ ነው፦ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ።

ከዚያ ወደ እንጦጦ ዳገት ትንሽ ከፍ ሲባል ሽሮ ሜዳ አለ። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው፣ ድር ዘርግተው መወርወሪያ ሲወረውሩ የኖሩበት ሰፈር ነው። ለሠርጋችን፣ ለጥምቀት፣ ለዓመት በዓል የምንለብሰው ጥበብ የሚሸጠው እዚያ ነው። የአገር ልብስ የምንለውን የሸመነው እጅ ስንት ዘመን ሲሰደብ ኖረ?

እንግዲህ አንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ የቤታችን ምጣድም የበዓል ልብሳችንም ምንጭ አለ። ታዲያ የሱጃታን ታሪክ ለማየት ቦምቤይ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገን?

አዲስ አበባ ለህንድ ፊልም እንግዳ አይደለችም። በመርካቶ በኩል ያሉት ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም ሲያሳዩ ኖረዋል። ቋንቋው ሳይገባቸው ዘፈኑን በቃላቸው የያዙ፣ የጀግናዋን መከራ እንደ እህታቸው መከራ አድርገው ለጎረቤት የተረኩ አዛውንት ዛሬም አሉ። በንጉሡ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ያስተማሩት የህንድ መምህራንም አገራቸውን አቅርበውልናል። ዛሬ ደግሞ የህንድ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ተሰጥቶት ሳሎናችን ድረስ ይገባል፤ እናቶች ቡና እያፈሉ ይከታተሉታል። ምራት በአማት ስትበደል፣ ደሃ በዘሩ ሲናቅ ይቆጫሉ። ቁጭቱ እውነተኛ ነው፤ እኔ አልጠራጠርም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ቡናው የሚፈላበትን ጀበና የሠራችው ሴት ልጅ ነገ ለልጃችን ሚስት ልትሆን ብትመጣ፣ ያ ቁጭት የት ይገባል?

ወደ ፊልሙ ልመለስና ሰዎቹን አንድ በአንድ ልጠይቅ።

መጀመሪያ ቻሩን። ሱጃታ እዚያ ቤት የገባችው ወላጆቿ፣ ምስኪን የቀን ሠራተኞች፣ በኮሌራ ሲሞቱ ነው። ሰዎች ሕፃኗን አምጥተው ለቻሩ ባል፣ ለመሐንዲሱ፣ ሰጡ። ቻሩ ክፉ ሴት አይደለችም። አብልታለች፣ አልብሳለች፣ ስትታመም ተጨንቃለች። ነገር ግን እንግዳ ሲመጣና ይህች ማናት ሲባል፣ የወለደቻትን ራማን ልጄ ትላለች፤ ሱጃታን «እንደ ልጄ» ትላለች። ራማ ኮሌጅ ትገባለች፤ ሱጃታ ጓዳውንና የአትክልት ቦታውን ትይዛለች። ራማ ለባል ትታሰባለች፤ ሱጃታ ከቤት የምትወገድበት መንገድ ይፈለግላታል።

ይህ ለኛ እንግዳ ነው? በአዲስ አበባ ስንት ቤት ውስጥ ከገጠር የመጣች ልጅ «እንደ ልጄ ናት» እየተባለች የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷ ልብስ ታጥባለች? ከአንድ ማዕድ ትበላለች ወይስ ሲተርፍ? ስትታመም የትኛው ክሊኒክ ትወሰዳለች? እንዲህ የሚሉ እናቶች ብዙዎቹ እንደ ቻሩ ቅኖች ናቸው፤ ለዚህ ነው ነገሩ የሚያመው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ይገሥጸው ነበር። ደግ ሰው «እንደ» ብሎ ሲያቆም ግን ማን ይጠይቀዋል?

ቀጥሎ ባሏን፣ ኡፔንድራናትን። ፊልሙ ውስጥ አብዝቼ የምጠይቀው እሱን ነው፤ ምክንያቱም እኔም፣ ይህን የሚያነብበውም አብዛኛው ሰው እሱን እንመስላለን። የተማረ ነው፤ መሐንዲስ ነው። «አለመነካት» የሚባለውን ነገር አያምንበትም። ሱጃታን ከልቡ ይወዳታል፤ ወደ ሌላ ቦታ ትላክ ሲባል አንጀቱ አልችል ይላል። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ምን አደረገ? ትምህርት ቤት ላካት? ሚስቱ «እንደ ልጄ» ስትል «ልጃችን ናት» ብሎ እንግዳ ፊት አረማት? የቤቱን ሰላም ላለማደፍረስ ዝም አለ። የዝምታውን ዋጋ የከፈለችው ማን ናት?

ይህን ሰው ጉለሌም፣ ቦሌም፣ አሜሪካም እናውቀዋለን። «እኔ እንኳ ምንም የለብኝም፤ እናቴ ግን አትቀበለውም» የሚለው ወጣት እሱ ነው። «ዘመኑ ሠልጥኗል፤ የዘመድ ወዳጅ አፍ ነው እንጂ» የሚለው አባት እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ እኩልነት ጥሩ አድርጎ የሚያስተምረው፣ የእህቱ ጋብቻ ሲነሳ ግን «ለሷ ብዬ ነው፣ እንዳትጎዳ» የሚለውም እሱ ነው። እምነቱ እንደሌለው ደጋግሞ ይነግረናል። ታዲያ የማያምንበትን ነገር የሚያስፈጽመው ለማን ብሎ ነው? እናቱም «እኔ ምንም የለብኝም፤ ዘመድ ግን» ካለች፣ ዘመዱም «እኛ ምንም የለብንም፤ ሰው ግን» ካለ፣ ይህ የማይቀበለው ሰው በስተመጨረሻ የት ነው የሚገኘው?

ከዚያ አዲር አለ። ለራማ የታሰበ፣ ከላይኛው ወገን ከብራህሚን የተወለደ ወጣት ነው፤ ሱጃታን ወደደ። የተወለደችበትን ወገን ከሰማ በኋላም ሐሳቡን አልለወጠም። ያሳደገችው ዘመዱ ብትቆጣም ጸና። የፊልሙ ትልቁ ነገር ለኔ ይህ ነው፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። አዲር የወሰነው ከደሙ በፊት ነው። ልጅቷ ማንንም ሳታድን፣ ምንም ሳታረጋግጥ፣ ሰው ስለሆነችና ስለወደዳት ብቻ ነው። ትክክለኛው መልስ ፊልሙ እጅ ገብቶ ነበር። ታዲያ ቢማል ሮይ ይህ ለምን አልበቃው አለ? ለምን ደረጃው፣ መውደቁ፣ ሐኪሙ፣ ደሙ አስፈለገ? ምናልባት ተመልካቹ የአዲርን መልስ ብቻውን እንደማይቀበል ያውቅ ነበር። እንዲያ ከሆነ የፊልሙ መጨረሻ ስለ ሱጃታ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የሚናገረው ስለ ወንበሩ ላይ ስለተቀመጡት ሰዎች ነው።

ደሙ ደግሞ ቀላል ስጦታ ነበር እንበል። ከ«ሱጃታ» ሃያ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ቦምቤይ ቶኪስ «አቹት ካንያ» የሚባል ፊልም አውጥቶ ነበር። ጀርመናዊው ፍራንዝ ኦስተን ያዘጋጀው፣ ዴቪካ ራኒና አሾክ ኩማር የተጫወቱበት ነው። ካስቱሪ «ከማይነኩት» ወገን ናት፤ አባቷ የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ጠባቂ ነው። ፕራታፕ የብራህሚን ባለ ሱቅ ልጅ ነው። የካስቱሪ አባት የፕራታፕን አባት ከእባብ ንድፊያ አድኖታል፤ ወዳጅነታቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ልጆቹ አብረው አደጉ፣ ተዋደዱ፤ መንደሩ ግን ተነሳ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሁለቱም ለየብቻ ተዳሩ። በመጨረሻ በሐዲዱ ላይ ጠብ ሲነሳ፣ ካስቱሪ የሚመጣውን ባቡር ለማስቆም ሮጣ ሞተች። ከሞተች በኋላ መንደሩ አከበራት።

አባትየው መርዝ መጥጦ አዳነ፤ ልጅቷ ሕይወቷን ሰጥታ አዳነች። ከዚያ ቤት ስንት ሰው ስንት ጊዜ ማዳን አለበት? የብራህሚኑ ቤት በምላሹ ምን ሰጠ? ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ የማይጻፍ ሕግ ይታየኛል። የተናቀው ሰው ወደ ማዕዱ የሚቀርበው ዋጋ ከፍሎ ነው፤ ዋጋውም ከሌላው የማይጠየቅ ዋጋ ነው። ራማ ልጅ ለመባል ምን ከፈለች? ምንም። ተወለደች፣ በቃ። ሌላም ነገር አለ። ካስቱሪን ሆና የተጫወተችው ዴቪካ ራኒ ከታላቁ ባለቅኔ ከታጎር ቤተሰብ ጋር የምትዛመድ እመቤት ነበረች። በተናቁት ስም የሚለቀሰው እንባ እንኳ የወረደው በሌላ ሰው ጉንጭ ነው።

«ህንድ ሌላ፣ እኛ ሌላ» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። እኛ ዘንድ እንደ ህንዱ ከላይ እስከ ታች በየእርከኑ የተደረደረ ሥርዓት የለም። ልዩነቱን ግን በደንብ እንየው። በህንድ ክልክሉ በእጅ ላይ ነው፦ ብራህሚኑ ከዳሊት፣ «የማይነኩ» ከተባሉት ወገን፣ እጅ ውኃ አይቀበልም፣ ከሠራው አይበላም። እኛ ዘንድስ? የሸክላ ሠሪዋ እጅ ያላለፈበት እንጀራ፣ ወጥ፣ ቡና አገራችን ውስጥ ስንት ዘመን ነበረ? እጇን አልፈራንም። እጇን ፈርተን ቢሆን ኖሮ በረሃብ ባለቅን ነበር። የፈራነው ዓይኗንና አጥንቷን ነው። ስታልፍ ሕፃን ይሸፈናል፤ ገበታ ላይ ከደረሰች ሌማቱ ይከደናል፤ ጋብቻ ከተነሳ ዘር ይጠናል። ምጣዱን በደስታ አስገብተን ምጣዱን የሠራችውን በር ላይ የምናስቀራት በየትኛው ሃይማኖት፣ በየትኛው ሕግ ነው?

ሕጉንማ ካነሳን፣ እኛ ከህንድ ቀድመናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ በእጁ ሙያ የሚያድረውን ሁሉ በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ሰው ሁሉ ከአንድ አዳምና ሔዋን የመጣ ነው ብለዋል፤ አገር የሚያጠፋው ሠራተኛውን የሚሰድበው ሰነፍ እንደሆነ ነግረዋል፤ ተሳዳቢ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዝዘዋል። የህንድ ሕገ መንግሥት በ17ኛው አንቀጹ «አለመነካትን» የሻረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ ከአዋጃችን አርባ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። ይህን የጣሰውን የሚቀጣው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ «ሱጃታ» ከመታየቷ አራት ዓመት ቀድሞ። የህንዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት አምቤድካር ራሳቸው ከዚያው ከተናቀው ወገን የተወለዱ ነበሩ። እኛም ዘንድ የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በግሉ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ሲፈቅድ፣ በእጅ ሙያው ምክንያት ርስት ያልነበረውን ጭምር አካቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 25ኛ አንቀጽም በማኅበራዊ አመጣጥና በትውልድ ልዩነት እንዳይደረግ ደንግጓል።

እንግዲህ ሕግ ሞልቷል። ሕጉ የማይገባበት ክፍል የትኛው ነው? ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ሳሎን ነው። «ልጃችሁን ለልጃችን» ከተባለ በኋላ ዘመድ ተጠርቶ፣ አገር ቤት ተደውሎ፣ አያት ቅድመ አያት የሚቆጠርበት ያ ሳምንት ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ የተሠራ ደግ ሥርዓት ነው። በዚያው ቆጠራ ውስጥ ግን ሌላ ምርመራ አብሮ ይሄዳል፦ አጥንቱ ምንድን ነው? ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቀውም። መልሱ ከመጣ በኋላም ማንም ምክንያቱን አይናገርም፤ «አልሆነም» ይባላል፣ «ልጅቷ ገና ናት» ይባላል፣ «ትምህርቷን ትጨርስ» ይባላል። ሁለት ወጣቶች ለምን እንደተለያዩ ሳይነገራቸው ይለያያሉ። ቀጨኔ ተወልዳ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጅ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ስትባል «ነጋዴ ናት» ብላ የምትሸሸው ለምን ይመስለናል? በእናቷ አፍራ ነው? ወይስ እኛ በምናደርገው ፊት ሰግታ?

የኛም ፊልም እዚህ ላይ ሊጠየቅ ይገባዋል። በ1957 ዓ.ም. የወጣውና የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም የሚባለው የኢላላ ኢብሳ ሥራ ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። «ሱጃታ» ከወጣች ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ የኛ ሲኒማ አፉን የፈታው በዚህ ጥያቄ ነው። ስለ አንዲት ሴት ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ እሷ ማን ናት ከመባሉ በፊት። በሥነ ጽሑፋችንም አንጋፋው «ፍቅር እስከ መቃብር» በደሃና በባላባት መካከል ያለውን ግድግዳ እስከ መሠረቱ ቆፍሮ አሳይቶናል። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ እስከ ዛሬ ያስለቅሱናል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን በየትኛው ታሪካችን ውስጥ ነው የፍቅሩ ባለቤት የሆነችው? ቡዳ ሲነሳ መቀለጃ ይሆናል፣ ማስፈራሪያ ይሆናል፤ አጋንንት ይጮህበታል፣ ተመልካች ይስቅበታል። ያ ሳቅ ቀጨኔ የምትኖር አንዲት እናት ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሲሰማ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ልጇ ምን ይላታል?

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፤ ላልፈው አልፈልግም። ንቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ አይወርድም። በአዲስ አበባ በሽመናው የተሰደበው ሰው፣ በትውልድ አገሩ በጋሞ ደጋ ደግሞ ሸክላ የሚሠሩትንና ቆዳ የሚፍቁትን ወገኖች የሚያርቅ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሊሆን ይችላል። እዚያም ማግባት፣ አብሮ መቀበር፣ በአደባባይ መሰየም ላይ ወሰን ነበር። የተሰደበ ሰው ሌላውን ሲሰድብ ምን ያገኛል? ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ከተማውን ያለብሰዋል፣ ሌላው ያበላዋል። በመካከላቸው ስንት ጋብቻ አለ? ይህን የምጠይቀው ለመውቀስ አይደለም። በንቀት የተጎዳ ሰው የንቀትን አሠራር ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለማፍረስም የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል ብዬ ስለማምን ነው።

ህንዶቹ «ሱጃታ» ላይ አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2013 ናግራጅ ማንጁሌ የተባለ፣ ራሱ ከዳሊት ወገን የተወለደ ዳይሬክተር «ፋንድሪ» የሚል ፊልም በማራቲ ቋንቋ ሠራ። ጃቢያ የሚባል ልጅ ነው ዋናው ሰው። ቤተሰቡ መንደሩ የሚጸየፈውን አሳማ የማሳደድ ሥራ ይሠራል፤ ልጁ ደግሞ ከላይኛው ወገን የሆነች የክፍሉን ልጅ በልቡ ይወዳል። አሳማውን ሲያባርሩ መንደሩ ቆሞ ይስቃል፣ ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ የሚወዳትም ልጅ ቆማ ታያለች። በመጨረሻ ጃቢያ ድንጋይ አንስቶ ይወረውራል፤ ድንጋዩ የሚመጣው ወደ ካሜራው፣ ወደ ተመልካቹ ነው። ፊልሙ እዚያ ያልቃል። ደም አልሰጠም፤ ባቡር ፊት አልቆመም፤ ማንንም አላዳነም። ሱጃታ እንድናለቅስ ፈቀደችልን፤ ጃቢያ ግን ስንስቅ እንደነበር ነገረን።

ሁለቱን ፊልሞች የለያቸው የሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜ ብቻ ነው? ካሜራውን የያዘው ሰውስ? ቢማል ሮይ ከውጭ ሆኖ በርኅራኄ አየ፤ ማንጁሌ ከውስጥ ሆኖ አየ። ከውጭ ያየ ሰው «እንዴት ይቅር ይበሉን?» ብሎ ይጨነቃል፣ ስለዚህም ልጅቷን ደም ያሰጣታል፤ እንድትወደን ይፈልጋል። ከውስጥ ያየ ሰው ግን እንድንወደው አይለምንም። ቀጨኔ ውስጥ የእናቱን የሸክላ ጭስ እያሸተተ ያደገ፣ ዛሬ በስልኩ ቪዲዮ የሚቀርጽ ወጣት የለም? አለ። ታሪኩን ለመናገር የሚጠብቀው ምንድን ነው? የኛን ፈቃድ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፣ ፊልምና ድራማ የምትሠሩ ወገኖቼ። ስለ ባለ እጅ ቤተሰብ አንድ ሥራ ሥሩልን። ስትሠሩት ግን ልጅቷ የባሏን እናት ከሞት አታድን። ኩላሊት አትስጥ፣ ደም አትስጥ፣ ለቤተሰቡ የጠፋ ሀብት አታግኝ፣ በመጨረሻው ክፍል የትልቅ ሰው ልጅ ሆና አትገኝ። ተራ ልጅ ትሁን፤ አንዳንዴ የምትቆጣ፣ አንዳንዴ የምትሳሳት። እናቷም ሸክላዋን ትሥራ፤ ሥራዋን በዝርዝር አሳዩን፣ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ምጣዱ ስንጥቅ ሲያወጣ ምን እንደሚባል። ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት ቀጨኔ ሂዱና ጠይቁ፤ ከተቻለም ጽሑፉን ለነሱ ልጆች ተዉት።

ሽማግሌ የምትላኩ፣ ሽማግሌ የምትቀበሉ አባቶችና እናቶች፣ እናንተንም እለምናለሁ። ልጃችሁ የቀጨኔ ልጅ ይዞላችሁ ሲመጣ ጠባይዋን ጠይቁ፣ ሥራዋን ጠይቁ፣ ይዋደዱ እንደሆነ ጠይቁ። አጥንቷን አትጠይቁ፤ ሌላ የሚጠይቅ ዘመድ ካለም እናንተው አስቁሙት።